የማይናገረው ማብሪያ

ሮብሳን የልጅ ልጄን የወደዳት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ይህን ለማወቅ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። ችግሩ እሱ አፉን ከፍቶ መናገር አለመቻሉ ነው። ስለ ባትሪ ጠይቁት፣ ያወራል። ስለ ፓምፕ ጠይቁት፣ አያቆምም። «ዘርፌ» ሲባል ግን ምላሱ ይታሰራል። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ እኔን ያደክመኛል።

ዘርፌን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። መቱ ገበያው አጠገብ፣ በቤታችን የፊት ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታለች። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ስለሆነ፣ በመጣ ቀን ጓሮ ያለውን በርሜል እንሞላለን፤ ከዚያ በጆግ እየቀዳች የደንበኛ ፀጉር ታጥባለች። ልብሷ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ብርድ ይመታታል ብዬ ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ማን ይሰማኛል?

አንድ ቀን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ተበላሸና ባጃጅ ተራው ጋ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነውን ሮብሳንን ጠራችው። ካስኩን ሠርቶ ጨረሰ፤ ግን አልሄደም። ጆጉን አየ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እሷን አየ። ፊት ለፊት አያያትም፤ በመስታወት ነው። እሷም እሱን በመስታወት። ሁለቱም እኔ የማላይ መስሏቸው!

«ውሃውን እኔ ላምጣልሽ?» አላት።

«ከወንዝ?»

«ከበርሜሉ።»

«በርሜሉማ ጓሮ ነው፤ እግር አለኝ።»

«እግርሽ ይረፍ ብዬ ነው» አለና ያለው ነገር ራሱን አስደነገጠው፤ መፍቻውን ጥሎ ወጣ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

በሳምንቱ ትንሽ ፓምፕና አንድ ባትሪ ይዞ መጣ፤ ፓምፑን በርሜሉ ውስጥ አስገባ። ከሁሉም የገረመችኝ ግን ግድግዳው ላይ የመታት ማብሪያ ናት። ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች፤ ላይዋ ላይ አንዲት ቁልፍ ብቻ አለች። አንዴ ሲነኳት ባትሪውን ከፓምፑ ታገናኛለች፤ ደግመው ሲነኳት ትለያያለች።

«ሞጁል ይባላል፣ ሀርሜ» አለኝ። እናቴ ማለቱ ነው።

«ስሙን ተወውና፣ መብራቷና መጥፋቷ በምን ይታወቃል? የድሮው ማብሪያ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በዓይን ይታያል።»

«ፓምፑ ያጉረመርማል። ይሰማሉ።»

እውነት ነው፤ በጋውን ሙሉ ተሰማኝ። ዘርፌ ቁልፏን ትነካለች፣ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ውሃው ይወርዳል። ጆጉ መደርደሪያ ላይ ተሰቀለ።

ዝናቡ ሲጀምር ጣጣው መጣ። የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን የፓምፕ ማጉረምረም፣ የሰው ጩኸት አይሰማም። ጠዋት እንነሳለን፣ ባትሪው ሞቷል። ሌላ ቀን እንነሳለን፣ ፓምፑ ተቃጥሏል። ሮብሳን ማብሪያዋን ነቅሎ ሱቁ ይወስዳታል፤ እዚያ ጤነኛ ናት። መልሶ ይመታታል፤ እኛ ጋ ትታመማለች። የተቃጠለውን ፓምፕ ይቀይራል፣ መስታወቱን ያያል፣ ይሄዳል።

እኔማ ነገሩ ገባኝ አልኩ። ለመምጣት ብሎ እያበላሸ ነው። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ያዝኩት።

«ስማ ልጄ፣ ከወደድካት ሽማግሌ ላክ እንጂ ማብሪያ አትላክ!»

አቀረቀረ። «መጀመሪያ ይህን ላስተካክል፣ ሀርሜ። አንዲት ማብሪያ ያቃተችው ቤት ሊያቆም ነው ይሉኛል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«እኔ ራሴ።»

እስቲ አሁን ይህን ምን ይሉታል?

የግንቦት ሰርግ ደረሰ። ዋሪቱ የምትባል ሙሽራ ከኖፓ ከነሚዜዎቿ መጣች፤ መኪናው ደጅ ቆሟል። አናቷ በሻምፑ አረፋ እንደተሸፈነ ውሃው ቀጥ አለ። ዘርፌ ቁልፏን ብትነካ፣ ብትነካ፣ ምንም። ሚዜዎቹ ሳቁ።

«ዋሪቱ፣ ቬሎሽ እኮ እዚሁ ተሠራልሽ!»

«እንዳትነኪው፣ አረፋውን ይዘሽ ግቢ!»

ከጎረቤት በባልዲ ተለምኖ ሙሽራዋ ታጠበች። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ እንደሄዱ ዘርፌ ማብሪያዋን ከግድግዳ ነቅላ፣ በዝናብ፣ ያለ ጃንጥላ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ፤ ጃንጥላ ይዤ፣ በዚህ ጉልበቴ።

ሱቁ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ሰው ፊት አዋረድከኝ። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። እኔም ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«እሺ» አለ።

እሺ! ሌላ ምንም! ሰው እንዴት እሺ ይላል? እሷም እኮ ሌላ ነገር እስኪላት ትንሽ ቆማ ነበር።

በሳምንቱ ሱቁን ዘግቶ ጎሬ፣ አጎቱ ኩምሳ ጋ ሄደ አሉ። ጆጉ ከመደርደሪያ ወረደ። ዘርፌ አትዘፍንም፣ እራት አትበላም፤ ባጃጅ ደጅ በቆመ ቁጥር መስታወቱን ታያለች።

«ማንን ነው የምታዪው?»

«ዝናቡን።»

«ዝናብ በመስታወት ይታያል?»

ከሳች። እንደ እናቷ በሽታ ይጥላታል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ከመስቀል በፊት አንድ ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ወጥቼ የጎሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ጭቃ፣ ሹፌሩ ስልክ ያወራል፤ ያልጠራሁት ጻድቅ የለም።

ሮብሳንን አጎቱ ቤት በረንዳ ላይ ያችኑ ማብሪያ ፈታትቶ አገኘሁት። ክረምቱን ሙሉ!

«የሰው ግድግዳ በስቶ መጥፋት ነውር አይደለም? ናና ቀዳዳውን ድፈን!» አልኩት።

«ትንሽ ሲሚንቶ ይበቃዋል፣ ሀርሜ።»

«ሲሚንቶማ እኔም አላጣሁ!»

ፊቱ በራ። «ነገ እመጣለሁ።»

በማግሥቱ ማምሻውን፣ ዝናቡ እያርከፈከፈው መጣ። ዘርፌ ጀርባዋን ሰጥታ ማበጠሪያ ታጥባለች። እሱም ያለ ቃል ማብሪያዋን እቦታዋ መታ፣ ፓምፑን ሞከረ፤ ውሃው ወረደ። ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ልፈነዳ ነው።

መዝጊያ ሰዓት ደረሰ። ዘርፌ ቧንቧውን ዘጋች፣ ቁልፏን ነካች፣ መጋረጃውን ልትስብ ሄደች። እኔም እንደ ልማዴ ዞርኩ፤ መስኮቱን ገፋ፣ የካስኩን ገመድ ነቀል፣ ቁልፏንም ነካ። እሳት የሚነሳው ሳይጠፋ ከተረሳ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ እዞራለሁ።

ሮብሳን ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ሮጠ። በርሜሉ ውስጥ ፓምፑን ዳስሶ ኖሮ፣ እጁ እስከ ክርኑ ርሶ፣ ራሱም በዝናብ በስብሶ ተመለሰ።

«ምን ሆንክ?» አለችው ዘርፌ። በመስታወት አይደለም፤ ዞራ።

እኔን አየኝ፤ ከዚያ መሬቱን። «ጥፋቱ የኔ ነው። ማብሪያ ብቻ ሠራሁ፤ መብራቷን መጥፋቷን የምትናገርበት ነገር አላደረግሁላትም።»

«አሁን እኮ ጠፍታለች» አለች ዘርፌ። «እኔው ነኝ ያጠፋኋት።»

«እኔም አጥፍቻታለሁ» አልኩ።

ተያየን። ቆርቆሮው ይንጫጫል። እሷ ያጠፋችውን እኔ ለማጥፋት ብዬ እያበራሁ፣ ዝናቡም ድምፁን እየዋጠው፣ ፓምፑ በተዘጋ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቅ ያድር ኖሯል! ይህን በአንድ እይታ አውቆ፣ እኔን አላሳጣም ብሎ ነው ልጁ ራሱን ጥፋተኛ ያደረገው።

ዘርፌ ሳቋ መጣ። ከግንቦት ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ። ፎጣ አንስታ ወረወረችለት።

«ለምን አልተናገርክም?»

«አሁን ነው ያወቅሁት።»

«የማብሪያውን አይደለም የጠየቅሁህ።»

ፎጣውን ፊቱ ላይ ይዞ ቀረ። «እሱንም አንቺ የምታውቂ መስሎኝ» አለ ከፎጣው ውስጥ።

«በምን ላውቅ? አንተም ምልክት የለህ!»

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተባለ። ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ጆሮዬ ግን ሳሎን ቀረ።

በማግሥቱ ማብሪያዋ ላይ ቀይ መብራት ጨመረላት፤ የበርበሬ ፍሬ ታህላለች። ስትበራ በርቷል፣ ስትጠፋ ጠፍቷል። ከመጀመሪያውስ እንዲህ ቢያደርግ ምን ነበረበት!

ከመስቀል በኋላ ኩምሳ ሌላ ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ ዙፋን» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ቆሙ፤ ካልፈቀድኩ አይቀመጡም። አስቀመጥኳቸው። ልጃቸውን አመሰገኑ፣ ልጄን ለመኑ። በእኛ ወግ ሴት ልጅ በመጀመሪያ ልመና አትሰጥም። ዘመድ እናማክር ተብሎ ቀጠሮ ይቆረጣል፤ ሽማግሌዎቹም ይመላለሳሉ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አሰብኩ። ብቻዬን ስቀርስ? ቢታመሙስ? ባትሪው ቢፈነዳስ? ለጥምቀት ብቀጥራቸው ምናለበት?

«እንግዲህ ጋሼ ኩምሳ፣ ዘመድ . . .» ስል መጋረጃው ተገለጠ።

ዘርፌ ወጣች። ሽማግሌ ፊት ሙሽራ አትናገርም፤ እሷም አልተናገረችም። ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች ግድግዳው ጋ ሄዳ ቁልፏን አንዴ ነካችና ተመልሳ ገባች። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች።

ኩምሳ ግራ ተጋብተው አዩኝ። «እትዬ ዙፋን፣ ይህ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

ልማዴ ነውና ተነስቼ እጄን ወደ ቁልፏ ዘርግቼ ነበር። መለስኩት።

«በርቷል ማለት ነው» አልኩ።