የሦስት ፔርሙስ ሻይ

መርማሪ ሻዲያ ክሬተር ሰፈር ካለው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ስትደርስ ሬሳው ገና ወንበሩ ላይ ነበር። ሟቹ ሀሺም ነው፤ ሦስት ትንንሽ የግራ ድርጅቶችን አስታርቆ አንድ የሠራተኞች ፓርቲ ያደረገ ሽማግሌ። ሻዩን ጠጣ፣ አረፋ ደፈቀ፣ አለቀ። ሹርጣዎቹ፣ ማለትም ፖሊሶቹ፣ ደግሞ ሻይ የምታፈላውን አበዛሽን በካቴና አስረው በር ላይ አቁመዋታል። ሻዲያ የክሱን ወረቀት ከፈረመች አበዛሽ ወህኒ ትወርዳለች፤ ወረቀት የሌላትን ሐበሻ ከዚያ ማን ያወጣታል?

የሻዲያ እናት የድሬዳዋ ሰው ናቸውና በአማርኛ ጠየቀቻት። «ሻዩን እንዴት አፈላሽው?»

«በአንድ ማንቆርቆሪያ ነው፣ እትዬ። እነሱ ለየብቻ የማፈላላቸው ይመስላቸዋል፤ ቢያውቁ ያባርሩኛል። የተረፈውን እኔው ጠጣሁት።»

ሻዲያ ተናደደች። ከተዋሐዱ ዓመት የሞላቸው የሦስቱ ድርጅት መሪዎች፣ ዛሬም የኸውላ ቀይ ፔርሙስ፣ የያህያ ቢጫ፣ የዋኤል አረንጓዴ! አንዱ የሌላውን ከነካ ጩኸቱ ጀበል ሐዲድ ተራራ ድረስ ይሰማል። ከሦስቱም ቀላቅሎ የሚጠጣ ሀሺም ብቻ ነበር። ፔርሙሶቹን አንድ በአንድ ከፍታ አሸተተች። አረንጓዴው የአይጥ መርዝ ይሸታል።

«እኔን ሊገድሉ አስበው ነው» አለ ዋኤል። «ወላሂ፣ ያተረፈኝ ጾሜ ነው። ዛሬ ሰኞ አይደል? ሰኞ ሰኞ እጾማለሁ።»

«ፔርሙሱን ማን ነካው?»

«እኛ?» አለ ያህያ ተጸይፎ። «የሱን ማን ይነካል? ሠራተኛዋን ጠይቂ እንጂ።»

ሻዲያ ጠረጴዛውን አየች። ዋኤል ፊት ያለው ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልቷል፤ የሻዩ ወተት ቆዳ አውጥቷል። አበዛሽንም አስገብታ ሁሉንም አስቀመጠች።

«ማንቆርቆሪያው ንጹሕ ነው፤ አበዛሽ ከዚያው ጠጥታ ይኸው በሕይወት አለች። መርዙ ያለው አረንጓዴው ውስጥ ነው። ኸውላና ያህያ አይነኩትም፤ ጥላቻችሁ ራሱ ምስክር ነው። የቀሩት አበዛሽና ዋኤል ናቸው። ዋኤል፣ ጿሚ ለራሱ ሻይ ይቀዳል?»

ዋኤል ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«የምትጠጣ ለመምሰል ቀዳህ፤ መርዙን ባታውቅ ግን ትጠጣው ነበር። ሀሺም ሲወድቅ አንድ ጉንጭ እንኳ እንዳልጠጣህ ማስረዳት ነበረብህ። ጾሙን ያኔ ፈጠርከው። ዛሬ ሲበላ ያየው አለ?»

ኸውላ አንገቷን ደፋች። «ጠዋት ፉል ሲበላ አይቼዋለሁ። ፓርቲው እንዳይፈርስ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ሀሺም ዛሬ የየድርጅቱን የሥልጣን ኮታ ሊሰርዝ ነበር» አለ ያህያ ቀስ ብሎ። «የዋኤል ድርጅት ማለት እሱና ሁለት ወንድሞቹ ናቸው። ኮታው ከተሰረዘ የፓርቲው ምክትልነቱ ይቀርበት ነበር።»

ሻዲያ የክሱን ወረቀት አነሳች። «ከተዋሐዳችሁ ወዲህ ሦስታችሁም ሳትጨቃጨቁ የፈረማችሁት ይህንን ብቻ ነው አሉኝ። 'ሐበሻዋ ገደለችው' ይላል። ስሟን እንኳ አልጻፋችሁም። እናንተ ናችሁ የሠራተኛ ፓርቲ?» ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችው።

ካቴናው ከአበዛሽ ወደ ዋኤል ዞረ። ኸውላ «ይቅር በይን፣ እህቴ» ብላ ተነሳች። አበዛሽ መልስ ሳትሰጣት አልፋ ወደ ሀሺም ሄደችና ዓይኖቹን በእጇ ከደነችለት።

«ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑ እንደተገለጠ ነው» አለች። «ይህን ሁሉ ሰዓት ስትከሱኝ፣ እሱን ዞር ብሎ ያየው የለም።»