አራት አርቦች

የትምህርት ቤቱ አማካሪ አራተኛውን ቅጽ ገልጣ አነበበች። እሱም እንደ ሦስቱ «ጎበኘኋት፤ ደህና ናት» ይላል።

ሎጋ ጠረጴዛው ሥር ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ስለምትረዝም ነው ሎጋ የሚሏት፤ ዛሬ ግን ብታጥር፣ ጭራሽ ብትጠፋም ደስ ባላት። ቅጾቹ የእሷ ናቸው። የትምህርት ቤቱ የታላቅ እህት ክበብ የሁለተኛ ክፍሏን ሚጡን በአደራ ሰጥቷታል፤ ሥራዋም አርብ አርብ ቤቷ ሄዶ ማየት፣ ያየችውን መጻፍ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ስለ ልጅቷ መናገር ነበር።

አሁን አስፈልጓል። የሚጡ አስተማሪ የልጅቷ ጀርባ ላይ ሰንበር አይታ ለርዕሰ መምህሩ ተናገረች፤ ሚጡም ሦስት ቀን አስተማሪዋ ቤት አደረች። ወደምታሳድጋት አክስቷ ትመለስ አትመለስ የሚለው ዛሬ እዚህ፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት ይወሰናል።

አክስትየዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሚጡ ከደረጃ ወድቃ እንደሆነ ረጋ ብላ አስረዳች። ከዚያ ወደ ሎጋ ዞረች።

«ነገር በዓይን ይገባል። ይህቺ ልጅ በየሳምንቱ እየመጣች አይታናለች፤ እሷን ጠይቋት» አለች።

ሎጋ ክው አለች። እነዚያን አራት አርቦች የአክስትየዋን ደጃፍ አልረገጠችም፤ አክስትየዋም ይህንን አሳምራ ታውቃለች። ፈተና ደርሶ ነበር። ጓደኛዋ «አታካብጂ፣ ማን ያነበዋል» ስትላት፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብላ አራቱንም ሞላችና በየሳምንቱ አንድ አንድ ስታስረክብ ከረመች።

ይህ ቢታወቅ ከክበቡ ትባረራለች፤ ለነጻ የትምህርት ዕድል የሚጻፍላት የድጋፍ ደብዳቤም ይቀራል። እናቷ ደግሞ ስለ ደብዳቤው ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ዝም ብትል ግን ማንም አይነቃባትም። አክስትየዋ የእሷን ውሸት ትጠብቅላታለች፤ እሷም የአክስትየዋን።

ችግሩ ጠዋት ሚጡ ኮሪደር ላይ የነገረቻት ነው። ቂም እንኳ አልነበራትም፤ ጫማዋን እያየች ነው ያወራችው።

«አርብ አርብ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሽ ነበር። ባለፈው ቧንቧውን መዝጋት ረሳሁና ውሃው ቤት ገባ። ከዚያ አክስቴ በቀበቶ መታችኝ።»

ሎጋ ይህንን ከሰማች ወዲህ አፍራለች፤ ፈርታለችም።

«እሺ፣ ምን ትያለሽ?» አለች አማካሪዋ።

«አልሄድኩም» አለች ሎጋ። «አራቱንም ቅጽ አንድ ቀን ነው የጻፍኳቸው። ሚጡ በር ላይ እኔን ስትጠብቅ ነው ውሃው የፈሰሰው። ለዚያ አክስቷ በቀበቶ እንደመቷት ጠዋት ነግራኛለች።»

አክስትየዋ ፈገግ ብላ፣ ትናንት የዋሸች ዛሬ እንዴት ትታመናለች ስትል ጠየቀች። ለሎጋም ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩ ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ እንዲጻፍ አዘዘ፤ እስከዚያ ሚጡ አስተማሪዋ ዘንድ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያውቅም።

ሰዎቹ ሲወጡ አማካሪዋ ቅጾቹን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። ሎጋ የክበቡን መታወቂያ እንድትመልስ፣ ደብዳቤውንም እንድትረሳው ነገረቻት። ሎጋ መታወቂያውን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ግን አልወጣችም።

«ሚጡ ያለችበት የአስተማሪዋ ቤት የት ነው?»

«ሎጋ፣ አንቺ እኮ ከክበቡ ወጥተሻል።»

«አውቃለሁ። አርብ የትኛው በር ላይ እንደምትቆም ብቻ ይንገሩኝ።»