የነጣችው የነሐስ ሴት

ሙሴ አንሰልም ቬርዲዬ ከእሳት ምድጃው ፊት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ዓይኖቹ አልተከደኑም፤ ከምድጃው በላይ በቆመው የነሐስ ሰዓት ላይ ተተክለው ቀርተዋል። ሰዓቱን ተደግፋ የምታለቅስ ሴት ተቀርጻበታለች። ፊቷ የሟቹ የመጀመሪያ ሚስት የክሌማንስ ፊት ነው፤ ስትሞት በወርቅ አስለብጦ ያሠራው ራሱ ነበር። ያ የወርቅ ፊት በአንድ ሌሊት እንደ ሬሳ ነጥቷል።

«መጥታ ወሰደችው!» አለች ሁለተኛ ሚስቱ ኦርታንስ፣ ወደ ሰዓቱ እየጠቆመች። «ትናንት ማታ እኮ ወርቅ ነበረች፤ በዓይኔ ነው ያየኋት!»

የፖሊስ ኮሚሴር ቴሪዬ በፓሪስ ብዙ ሬሳ አይቷል። በመናፍስት አያምንም፤ ቢሆንም ቀና ብሎ የነሐሷን ሴት ሁለቴ አያት። ጎንበስ ብሎ የሟቹን እጅ አነሣ። የጋብቻ ቀለበቱም ነጥቷል። እግሩ ሥር ፍም የሚጨመርበት፣ ክዳኑ የተበሳሳ የእግር ማሞቂያ ሣጥን አለ። የመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ ለክረምቱ ብርድ በጨርቅ ተወትፏል።

ፖሊሶቹ ምድር ቤት ባለው የሟቹ የወርቅ መለበጫ ሥራ ቤት ውስጥ ለባጩን ባስትያንን ጠርጥረው አስረው ይጠብቁት ነበር።

«ወርቁን በምንድን ነው የምትለብጠው?»

«በባዜቃ፤ ሜርኩሪ በሚሉት። ወርቁን በሱ አሟሟና እቀባዋለሁ። እሳት ሲያገኘው ባዜቃው ተኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደኛ ነዋ!» ባስትያን የታሰሩ እጆቹን ዘረጋ፤ ይንቀጠቀጣሉ። «ክሌማንስም በሱ ነው ያለቀችው። ባሏ እዚሁ አጠገቤ አስቀምጦ ሲያሠራት፣ መጨረሻ ላይ ማንኪያ መያዝ አቃታት።»

«ጠልተኸዋላ።»

«እንዴት አልጠላው! ግን እኔን ሳሎን ማን ያስገባኛል? ባዜቃው እንደሆነ ቁልፍ የለውም፤ የፈለገ ይቀዳዋል።»

የክሌማንስ እህት ኦዲል ማድ ቤት ሽንኩርት ትልጣለች። እህቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

«ማድሟዜል፣ ትናንት ፍሙን ማን ነው የጨመረው?»

«ሚስቱ ናታ! የባሏን እግር የምታሞቀው እሷ፣ የምጠየቀው እኔ? ሥራ ቤቱንም ሳሎኑንም ከረገጥኩ ከርሜያለሁ። እህቴን ወርቅ ተቀብታ ማየት አልወድም።»

«አንገትዎ ላይ ያለው ሰንሰለት የሷ ነው?»

«መስቀሏ ነው» አለች። ከቀሚሷ ሥር ግን አላወጣችውም።

ኮሚሴሩ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«እዚህ የገባ መንፈስ የለም» አለ። «ባዜቃ ፍም ላይ ሲፈስ ይተናል፤ ትነቱ የነካው ወርቅ ይነጣል። የሰዓቱን ሴት ፊት ያነጣው እሱ ነው፣ ቀለበቱንም። ሙሴ ቬርዲዬ በተወተፈ ክፍል እንቅልፍ ወስዶት ያንኑ ሲተነፍስ አደረ።»

ኦርታንስ ባሏ የነበረበትን ወንበር እያየች ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ማዳም፣ ፍሙን እርስዎ ጨምረው ወደ መኝታዎ ሄዱ። ቀለበትዎ ግን ቢጫ ነው፤ ባዜቃ አልነካዎትም። ባስትያን እዚህ ቢታይ ቤቱ በጩኸት ይናወጥ ነበር። ስለዚህ ከእርስዎ በኋላ የገባው ቤቱ ውስጥ እንደ ልቡ የሚመላለስ ሰው ነው። ሣጥኑ ላይ አጎንብሶ ሲያፈስ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ወርቅ ካለ ወደ ፊት ይወርዳል። ማድሟዜል ኦዲል፣ መስቀሉን ያሳዩኝ።»

ኦዲል ሰንሰለቱን ሳበችው። መስቀሉ ጫፉ ድረስ ነጥቷል።

«ሥራ ቤቱንም ሳሎኑንም አልረገጥኩም ብለውኛል።»

«ዋሸሁ» አለች። «ሰዓቱ ላይ ያለውን ፊቷን የምወለውለው እኔ ነበርኩ፤ በየማለዳው። እሱ ደግሞ ለእንግዳ ሁሉ ‹ሐዘኗ እንዴት ያምራል!› ይል ነበር። ያመመኝ መሞቷ ብቻ አይደለም፤ ሲያደንቃት መስማቱም ነው።»

«እኔ ላይ ሊፈርዱ ነበር እኮ፣ ኦዲል» አለ ባስትያን ቀስ ብሎ።

ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። «አውቃለሁ። አንተን ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ እሱን ግን አልጠይቅም።»

ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲወጡ በሩ ላይ ቆመችና ወደ ኦርታንስ ዞረች።

«ምንጣፉን አቃጥይው። ግድግዳውንም አስፍቂ። ሕፃኑን ደግሞ እዚህ ክፍል እንዳታስተኚው።»

ኦርታንስ ለማንም አልተናገረችም ነበር። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የኦዲል ኮቴ ከደረጃው እስኪጠፋ ድረስ ባለችበት ቆመች።