ያለ ተራው የተቀባ ፊት

ሻምበል ቺያው ዩላን ስትደርስ የእንግሊዝኛ መምህሯ ፋንግ ሹወን በሁለት የልብስ ሳጥኖች መካከል በጀርባዋ ተዘርግታ ነበር። የትያትር ቀሚስ ረጅም ነጭ እጅጌ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ገና ልጅ ናት። የሁለት ጣቶቿ ጥፍር ተሰብሯል። ቺያው ጎንበስ ብላ አየች፤ ከጥፍሮቹ ሥር ደም አለ። ቀና ስትል ጥርሷን ነክሳ ነበር።

«ይህን ሽማግሌ ማነው ያሰረው?»

በሩ ሥር ዶው ባኦሻን በካቴና ታስሮ ወለል ላይ ተቀምጧል። የዚያች የቻይና የወንዝ ዳር ከተማ የኦፔራ ቡድን አሳቂ ተዋናይ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ የሰፈሩ ፖሊስ ሙ። «ነገሩ አልቋል ሻምበል። ለአንቺ የቀረው መፈረም ብቻ ነው።»

«ቢያልቅማ እኔን ባልጠራችሁ። ዝም በል!»

ሙ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ሰው ገዳይ ተብሎ የተፈረደበት ጥይት እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቃል፤ ሽማግሌውም ያውቃል።

ክፍሉ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ተዋንያኑ የሚለብሱበት ነው። ቡድኑ ወደ ውጭ አገር ተጋብዞ ነበርና እያንዳንዱ የራሱን ሚና በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ ፋንግ ሰሌዳዋን እዚሁ ሰቅላ ታስተምራለች። ሰሌዳው ላይ «ባክስቴጅ» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ በቻይንኛ ሁለት ፍቺ አለ፦ አንደኛው «ከመድረክ ጀርባ ያለ ክፍል»፣ ሁለተኛው «ሰው በማያይበት የሚሠራ ሥራ»። ከዚያ በታች ያለው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል።

ቺያው መጀመሪያ የቡድኑን አለቃ ሎው ጁንፌንግን ጠራች። ጄኔራል ሆኖ የሚጫወት ግዙፍ ሰው ነው። ግማሽ ፊቱ በቀይና በጥቁር ተቀብቷል።

«ትምህርቱ አለቀና ሰዉ ለምሳ ወጣ» አለ። «እኔ ቀረሁ። ዶው መጣና አፍንጫውን ነጭ ቀባ። እኔም ተከትዬ መቀባት ጀመርኩ። ዕቃ ላመጣ ወጣ ብዬ ስመለስ እሷ ሞታለች፤ እሱ ፊቱን ታጥቦ ሄዷል።»

«ምን አድርጋው ይገድላታል?»

«በሰው ፊት ታርመዋለቻ! የሽማግሌ ኩራት አታውቂም እንዴ?»

«ኩራት?» ብሎ ጮኸ ዶው ከወለሉ። «እኔ አፍንጫዬን ቀብቼ ሕይወቴን ሙሉ ሰው ሲስቅብኝ የኖርኩ ሰው፣ አንዲት ልጅ አረመችኝ ብዬ ልግደል? ጀልባው ዘግይቶብኝ ስገባ ጩኸት ነው የተቀበለኝ!»

ሽማግሌዎችን የሚጫወተው ሺዮንግ ከወጣቷ ተዋናይ ከዌይ ታኦ ጋር ከምሳ ሲመለስ ነው ሬሳውን ያየው። የሁለቱም ፊት ባዶ ነው።

«አጎት ሺዮንግ፣ ዶው ገደላት ትላለህ?»

«እንደ ወንድሜ ነው» አለ ሺዮንግ አንገቱን ደፍቶ። «ግን ምን ላድርግ? አሳቂው ብሩሽ ሳያነሣ ማናችንም ፊታችንን አንነካም። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያቆዩልን፤ ንጉሥ የሚጫወተውም ቢሆን ይጠብቃል። ሎውን ተቀብቶ አገኘሁት። እንግዲህ ዶው ከሱ በፊት ተቀብቷል ማለት ነው። እዚህ ነበረ ማለት ነው።»

«አየሽ?» አለ ሙ።

ቺያው ዌይ ታኦን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች።

«ሰሌዳው ላይ የተጠረገው ምንድን ነው?»

«አላስታውስም እትዬ።»

«አታስታውሺም? ያስተማረችሽ ልጅ እዚያ ተጋድማለች! የነገ ሳምንት ደግሞ አጎት ዶውን ትቀብሪያለሽ፤ ያኔስ ታስታውሻለሽ?»

ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «የመጀመሪያውን ፍቺ ስትነግረን ሳቅን፤ እዚያው ተቀምጠን ነዋ። ሁለተኛውን ስትነግረን ግን፣ በዚህኛው አንዳንድ እውነት ተናገሩ አለችን። አጎት ሺዮንግ የገበያው ቦታ የተሸጠው ባክስቴጅ ነው አለ። እኔም... እኔም ተናገርኩ። በቋንቋችን አልወጣ ብሎኝ የኖረ ነገር በሰው ቋንቋ አመለጠኝ። እሷም ጻፈችው።»

«ምን አልሽ?»

ዌይ በሹክሹክታ ነገረቻት። ቺያው ስትሰማ ፊቷ ደም መሰለ። ተመልሳ ገባችና መስታወቶቹ ፊት ያሉትን የቀለም ሳህኖች አንድ በአንድ እያነሣች አየች፤ በጣቷም ነካቻቸው። ከዚያ ተዋንያኑን ሁሉ ሰበሰበቻቸው።

«አጎት ሺዮንግ፣ የአሳቂው ነጭ ቀለም የቱ ነው?»

«ያ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው።»

«ሌላ ነጭ አለ?»

«የለም። የሱን ማንም አይነካም።»

ቺያው ሳህኑን ገለበጠችው። ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ከሳህኑ ጋር ተጣብቋል። ብሩሹም ስንጥር ሆኗል።

«ይህ ከትናንት ወዲህ ውሃ አልነካውም። ዶው ዛሬ አልተቀባም። ከሁላችሁም ሳህን እርጥብ የሆነው የአለቃ ሎው ብቻ ነው። እናንተ 'ሎው ከተቀባ ዶው ነበረ' አላችሁ። ሎው ወጉን ይጥሳል ብላችሁ አላሰባችሁም። እሱም ይህን አውቆ ነው በዶው ላይ የላከከው።»

«ቸኮልኩ!» አለ ሎው። «ትያትር ነበረብን፣ ዶው ቀረ፣ ምን ላድርግ?»

«አሁን ደግሞ ቀረ ሆነ? ቅድም መጥቶ ተቀባ ያልከኝ ማንን ነው?»

ሎው ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ።

«ዕድሜ ልክህን ይህን ወግ አክብረህ ዛሬ ለምን ጣስከው? ልጅቷ ሳትታገል አልሞተችም። ጥፍሯ ሥር የሰው ደም አለ። የሁላችሁንም እጅ አይቻለሁ፤ ንጹሕ ነው። የሁላችሁም ፊት ባዶ ነው፤ ከአንድ ሰው በቀር። ሙ፣ ውሃ አምጣ!»

«ሻምበል፣ የከተማው ባለሥልጣናት ወዳጆቼ ናቸው...»

«ታጠብ!»

ሙ የሎውን እጅ ይዞ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ አሸው። ቀዩ ወረደ፤ ጥቁሩ ወረደ። ከጉንጩ እስከ አገጩ ሁለት ትኩስ ጭረቶች ወጡ።

ሺዮንግ ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። ያኔ ዌይ ታኦ ከግድግዳው ተላቀቀች። በራሷ ቋንቋ፣ ጮክ ብላ ተናገረች።

«አለቃ ሎው ለሴቶቹ ሚና የሚሰጠን በሩን ቆልፎ ካስቸገረን በኋላ ነው። ያልኩት ይህንን ነው። የተጻፈውም ይህ ነው። እሱ ስሙን ሰምቶ ምን ማለቷ ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ መምህሯ ለፖሊስ እነግራለሁ አለችው። እኔ ፈርቼ ወጣሁ። ትቻት ወጣሁ!»

«አንቺ አልገደልሻትም» አለች ቺያው። ወዲያው ወደ ሙ ዞረች። «ካቴናውን ከሽማግሌው አውጣና ለባለቤቱ አድርግለት። ይቅርታም ጠይቀው፤ ሁላችንም እንስማህ።»

ሙ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሎው ካቴናው ሲገባለት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቢያንስ በጓሮ በር አውጪኝ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ገብቷል፤ ያውቁኛል።»

«ስለሚያውቁህ ነዋ» አለች ቺያው። «በመድረኩ ነው የምትወጣው። መጋረጃውን ክፈቱ።»

ማንም ሳይንቀሳቀስ ዶው የእጁን አንጓ እያሸ ተነሣ፤ የመጋረጃውንም ገመድ በሁለት እጁ ሳበ። አዳራሹ ውስጥ ቀድመው ቦታ የያዙ ሰዎች ሱፍ ሲፈለፍሉ ነበር፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።