አሥራ ሦስተኛው መዝሙር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ሰው ፊት የምስቅ ነኝ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚለኝን ሁሉ "ባክህ እንቅልፍህን ተኛ" ብዬ የምሸኝ፤ ስለዚህ ይህን ስነግርህ ያጋነንኩ እንዳይመስልህ።

እማዬ አዲስ አበባ ሞታ ከተቀበረች ሦስት ሳምንቷ ነበር። እህቴ ሰናይት አታውቅም። ልትወልድ ጥቂት ቀን ስለቀራት የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሼ ታምሩ "በሰላም ትገላገልና እኛው በማለዳ ሄደን እናረዳታለን" አሉ፣ እኔም እሺ አልኩ፣ "እማዬ ለምን አትደውልም?" ባለችኝ ቁጥር "ስልኳ ተበላሽቶ ነው" እያልኩ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኒው አልባኒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ እውላለሁ። እመነኝ፣ አንድም ቀን አላለቀስኩም። ደንዝዤ ነበር።

እሑድ ከቸርች መልስ ደወለች።

"እማዬ የምትወዳቸውን መዝሙሮች ሲዲ ላይ ቅዳልኝ፣ ሆስፒታል ስሄድ መኪና ውስጥ እሰማቸዋለሁ" አለችኝ፤ አሮጌ መኪናዋ ከሲዲ ሌላ ምንም አያጫውትም።

አሥራ ሁለት መዝሙር መርጬ፣ ባዶ ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትቼ አስጀመርኩት፣ እንደ ወትሮው እያጉረመረመ ቆየና ሲጨርስ ተፋው። ለሙከራ ማጫወቻው ውስጥ ስከተው ቁጥሩ አሥራ ሦስት አለ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ኮምፒውተሩን ባይ ፋይሎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። የመጨረሻውን ከፈትኩት። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ወንበር ተንቋቋ፣ ከዚያ ጉሮሮ ተጠረገ፣ ልክ እማዬ ስልክ ስታነሳ ሁልጊዜ እንደምታደርገው።

"ሃሎ... ሰናይት? ይሰማል?"

በቃ፣ ይኸው ነው። መፍራት ነበረብኝ፣ አይደል? ምንም አልተሰማኝም። ሲዲውን ሰብሬ ጣልኩና በሌላ ሲዲ እንደገና ቀዳሁ፣ ይኼኛው አሥራ ሁለት ብቻ ነበር፣ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፣ ወስጄም በእጇ ሰጠኋት።

በማግስቱ ሥራ ላይ ምሳ እየበላሁ ደወለች።

"የመጨረሻውን ከየት አመጣኸው?"

"የትኛውን?"

"አሥራ ሦስተኛውን፣ የእማዬን ድምፅ ነዋ!"

ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"መኪና አቁሜ ሦስቴ ሰማሁት" አለች፣ ድምፅዋ ቅጥን ብሎ። "ለምንድነው 'ወንድምሽ እስካሁን አልነገረሽም ወይ?' የምትለኝ? ምንድነው ያልነገርከኝ?"

"ማን አለ አብሮሽ?" አልኳት።

"ማንም። ብቻዬን ነኝ።"

ከእሷ ኋላ ግን ጉሮሮ ተጠረገ፣ ልክ እንደ እማዬ፣ እኔ እንድነግራት የሚጠብቅ ይመስል።