«ሮቦቷ ገደለችው» አሉ

መምህሩ አብዱሰላም በሮቦት ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ባዶ እግሩን ነው። ጫማው በሩ ላይ እንደተደረደረ አለ፤ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ የራሰው የሱሪው ጫፍ እስካሁን አልደረቀም። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መኪና፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ገጣጥመው ፕሮግራም የሚጭኑባት ዓይነት፣ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዛ ቆማለች። ከመኪናዋ የተመዘዘ ቀይ ሽቦ በሟቹ ግራ እጅ ውስጥ ይገኛል።

ኢንስፔክተር ዘሊካ በከብት ሌባ ጉዳይ ከሄደችበት ከጨፋ ሮቢት ተጠርታ ስትደርስ፣ «ጮራ» የሚባለው የከሚሴ የወጣቶች ማሰልጠኛ ግቢ በሰው ተጨናንቋል። ባጃጆቹ ሳይቀሩ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል።

«ሮቦቷ ገደለችው!» ይላል አንዱ።

«ሮቦቷ ምን ታድርግ? የሠራቻት ልጅ ናት እንጂ! እያለቀሰች ከክፍሉ ስትሮጥ ታይታለች!» ይላል ሌላው።

ዘሊካ ንዴቷን መደበቅ አትችልም። አንዳንዱ በዚህ ይፈራታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ካልተናደደች ሥራ አይሆንላትም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ገና ሬሳው ሳይነሳ ፍርድ የሰጠውን ሕዝብ ገላምጣ ገባች።

«ማን ነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ፣ ኢናሊላሂ!» አለ የማሰልጠኛው ኃላፊ ሙሀመድኑር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተመዘነ ሰው ነው። «አብረን መስጊድ ልንሄድ ልጠራው ብመጣ ወድቆ አገኘሁት። የተማሪዋ የኢክላስ መኪና ላይ ፕሮግራም እየጫነ ነበር። ልጅቷ ሽቦውን አበላሽታ ቀጥላዋለች። ይኸው ይዩት!» መኪናዋን ከነገመዷ ብድግ አድርጎ ሆዷን አሳያት።

«አይንኩ!» ብላ ጮኸችበት ዘሊካ። «ማስረጃ ነው እኮ! ባገኟት ቦታ ያስቀምጧት!»

ደንግጦ መለሳት። መኪናዋ በአራት ጎማዋ ጠረጴዛው ላይ ቆመች። ዘሊካ ጎንበስ ብላ አየቻት፤ ማብሪያዋ በርቷል፣ ጀርባዋ ላይ የብሉቱዟ ትንሽ ሰሌዳ ተሰክታለች። በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከዚያ የሟቹን ቀኝ መዳፍ ገልበጥ ስታደርግ ቀጭን የቃጠሎ መስመር አገኘች። ግራ እጁን አየች፣ ሽቦውን ከጨበጠው። ምንም የለበትም።

ግድግዳው ላይ የሽቦ መበየጃ ካውያ ተሰቅሏል፤ አዲስ ነው፣ ጫፉ እንኳ አልጠቆረም። እሱንም ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ግቢው እንዲዘጋ፣ አንድም ዕቃ፣ አንድም ሞተር ሳይክል እንዳይወጣ አዘዘች።

ኢክላስን ሰው እንዳይጎዳት ብለው ጣቢያ አስቀምጠዋታል። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ሻሿን አፏ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ተቀምጣለች።

«ከአስር ሶላት በፊት ከክፍሉ እያለቀስሽ ወጥተሻል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

ኢክላስ ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች።

«ኢንተለ ኮ፣» አለች ዘሊካ በኦሮምኛ ለስለስ ብላ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ውጭ ያለው ሰው ገዳይ እያለሽ ነው። ዝም ስትዪ ደግሞ ልክ ነን ይላሉ።»

«ብናገር ሌላ ስም ያወጡልኛል» አለች ኢክላስ። «እሱ ከዚህም ይብሳል።»

ዘሊካ ይህን አነጋገር ታውቀዋለች፤ ስንት ልጅ ፊቷ ተቀምጣ እንዲህ ብላለች! ግን አላስገደደቻትም። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየቻት።

«መኪናሽ ይቺ ናት?»

ኢክላስ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «የኔ ናት፤ ግን እንዲህ ያስቀመጣት ማነው? ጎማዋ ጠረጴዛ ነክቷል እኮ!»

«ቢነካ ምን አለበት?»

«እኛ ጋ ክልክል ነው! መጀመሪያ ሰሞን የቶይባ መኪና ፕሮግራሙ እንደገባላት ሽው ብላ ከጠረጴዛው ወድቃ ተሰባበረች። ቲቸር አብዱሰላም ከዚያ ወዲህ መኪናዋ የሳልሳ ጣሳ ላይ ካልወጣች፣ ጎማዋ አየር ላይ ካልሆነ ገመድ አያስነካንም። ራሱም ቢሆን! ደግሞ ብሉቱዟ አልተነቀለችም። እሷ እያለች ፕሮግራም አይገባም፤ ሁለቱም በአንድ በር ስለሚገቡ ይጋፋሉ። ይሄን የጀመረ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ስለዚህ ፕሮግራም እየጫነ አልነበረም?»

«ወላሂ አልነበረም!»

«ይሄስ ካውያ?»

«የኛ አይደለም። የኛ አሮጌ ነው፤ እጀታው በቀይ ናስትሮ የተጠቀለለ።»

ከማሰልጠኛው ጎን የስልክና የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ያለው ካሚል ነው። ከአብዱሰላም ጋር ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ መጯጯሃቸውን ያልሰማ የለም። ዘሊካ ገብታ ሳትቀመጥ ጀመረ።

«አዎ ተጣልተናል! ተማሪዎቹ የሰፈሩን ስልክ በነፃ እየጠገኑ ደንበኛ አሳጡኝ፤ ተናድጄ ሰደብኩት። አላህ ይማረው፣ አሁን ይቆጨኛል። ግን እህቴ፣ ይሄ መኪናዋ ገደለችው የሚሉት ምን ዓይነት ቅጥፈት ነው?» ከመሳቢያው የዚያችኑ መኪና ዓይነት ባትሪ አወጣ፤ ጣቶቹን በውሃ ነክሮ ሁለቱን ጫፎች ያዘ። «ይኸው! ሞትኩ? ከላፕቶፑ የሚመጣውም ከዚህ አይበልጥም። ሰው የሚገድለው ከግድግዳው የሚመጣው ነው!»

«ከግድግዳው ምን ይነካ ነበር?»

ካሚል ባትሪውን ወደ መሳቢያው መለሰ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ካውያውን። ልጆቹ ሲበይዱ ይውላሉ፤ እሱ እሳት ይነሳል ብሎ ስለሚፈራ ውዱእ አድርጎ ይመለስና ካውያውን ራሱ አንስቶ ይነቅለዋል፤ ከዚያ ነው ወደ መስጊድ የሚሄደው። ሁልጊዜ! ባዶ እግሩን፣ እጁ እርጥብ ሆኖ! አንድ ቀን ጉድ ትሆናለህ ብዬ ስንቴ ጮኼበታለሁ። ግቢው በሙሉ ያውቃል።»

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላትና ከቀብሩ በኋላ ዘሊካ ሁሉንም ሮቦት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙሀመድኑር አለ፣ ካሚል አለ፣ ኢክላስ ከጣቢያ መጥታለች። የሟቹ እህት ዓዲላ ከባቲ ደርሳ ፊቷ በለቅሶ አብጧል፤ ኢክላስን ስታይ «ወንድሜን የበላሽ!» ብላ ልትያያዝ ነበር፣ ሰው ነው የያዛት። ቶይባና ሌሎቹ ሴት ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

ጠረጴዛው ላይ መኪናዋ ከነገመዷ አለች። ከጎኗ እጀታው በቀይ ናስትሮ የተጠቀለለ ካውያ ተቀምጧል፤ ሶኬት ላይ ተሰክቷል።

«ዓዲላ፣ እስቲ መኪናዋን አቀብዪኝ» አለች ዘሊካ።

«እኔ? ሰው የገደለችውን? አልነካም!»

«ልክ ነሽ፤ የነገሩሽ እንደዚያ ነው። ካሚል፣ ካውያውን።»

ካሚል እጀታውን ያዝ አድርጎ አነሳው፣ ሰጣት፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«አቶ ሙሀመድኑር፣ እርስዎም ያንኑ ካውያ ያቀብሉኝ።»

ሙሀመድኑር አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «መጀመሪያ... ከሶኬቱ ይነቀል።»

«ለምን?»

«ኤሌክትሪክ ነዋ! ሰው ሞቶበታል!»

«በምን ሞተበት?» አለች ዘሊካ፤ ድምጿ ከፍ አለ። «ገደለች ያልካት መኪናዋን አይደለም እንዴ? ትናንት ሬሳው ፊታችን ተኝቶ እሷን ከነገመዷ በባዶ እጅህ ብድግ አድርገህ አሳየኸኝ። ያቺን ያልፈራህ ዛሬ ካውያ ትፈራለህ? ይሄን ካውያ እኔ ነኝ ትናንት ገበያ ገዝቼ ናስትሮ የጠቀለልኩት። ምንም የለበትም!»

«እርስዎ» ማለቷን ከልቧ እንደተወችው ሁሉም ሰማ።

«አሁን ስሙኝ። አብዱሰላም የተቃጠለው ቀኝ መዳፉ ላይ ነው፤ ሽቦ የጨበጠው ግን በግራው ነው። ማለት ሽቦውን ከሞተ በኋላ ያስጨበጠው ሰው አለ። ግራ እጁ ለጠረጴዛው ስለቀረበ በቀረበው አስያዘው። መኪናዋ ጎማዋ ጠረጴዛ ነክቶ፣ ብሉቱዟ ሳትነቀል ከላፕቶፕ ጋር ተያይዛለች። ኢክላስ ብትሆን ጣሳ ላይ ታወጣት ነበር። ከዚህ ክፍል የተማረ ማንም ቢሆን እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ያዘጋጀው ሰው ይሄን ክፍል ከበሩ እንጂ ከውስጡ አያውቀውም።»

«ካሚልም ተማሪ አይደለም!» አለ ሙሀመድኑር።

«አይደለም። ግን ካሚል ያቺ ባትሪ ዝንብ እንደማትገድል ያውቃል። እሱ ቢገድል ኖሮ መኪናዋን ሰበብ አድርጎ ራሱን መሳቂያ አያደርግም። ደግሞ ቀይ ናስትሮውን አይቶ ሳያቅማማ አነሳው። ባለ ቀይ ናስትሮው ካውያ ሰው እንዲገድል መደረጉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የአብዱሰላምን ልማድ የሚያውቅ፣ ውዱእ ሲያደርግ ገብቶ ሽቦውን የላጠ፣ ሲወድቅም ካውያውን በአዲስ የቀየረ።»

ኮንስታብል አደም ከውጭ ገባ። የፍርድ ቤቱን የፍተሻ ፈቃድ በአንድ እጁ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሌላው ይዟል። ገለጠው። ቀይ ናስትሮ የተጠቀለለበት ካውያ ነው፤ እጅ በሚያርፍበት ላይ ሽቦው ተልጦ ከብረቱ ጋር ታስሯል።

«ከሙሀመድኑር ሞተር ሳይክል ኮርቻ ስር ነው፣» አለ አደም። «ግቢው ስለተዘጋ ሳያወጣው አድሯል።»

ክፍሉ ተናወጠ። ዓዲላ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። «ወንድሜ ምን አድርጎት?» አለች። «ምን በድሎት?»

ዘሊካ ምክንያቱን ገምታዋለች። ግን መልሱን እሷ ከሰጠችው ከኢክላስ የተሰረቀ ይሆንባታል። ኢክላስን አየቻት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገዳዩ ከታወቀ፣ አልሃምዱሊላህ፣ የቀረውን ነገር እኛ በሽምግልና እንየው። የልጆች ስም አለበት...»

«የማን ስም?» አለች ኢክላስ። ቆመች። «ትናንት ገዳይ ስትሉኝ ስሜ የት ነበር?»

ሽማግሌው ከበሩ ወደኋላ አለ።

ኢክላስ ወደ ዓዲላ ዞረች። «ወንድምሽ ያለቀሰ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም ነበር። ትናንት ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ ያዘኝ፤ ነገርኩት። ‹ነገ ከጁምዓ በኋላ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ፣ አንተም በራስህ ከሥራህ ልቀቅ› ብሎ ሙሀመድኑርን ቢሮው ገብቶ ነገረው። እኔ እየሮጥኩ ወጣሁ። በኔ ሰበብ ነው የሞተብሽ።»

«ውሸቷን ነው!» አለ ሙሀመድኑር።

ዓዲላ ተነሳች። ሰዉ እንደገና ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ገፍታ አለፈችው። ኢክላስ ጎን ቆማ የሻሿን ጫፍ ሳይሆን እጇን ያዘች።

«በሱ ሰበብ ነው እንጂ በአንቺ አይደለም፤» አለች ድምጿ ተሰባብሮ። «ወንድሜ ሊናገረው የነበረውን አንቺ ተናገሪው። ማን ዝም እንደሚያሰኝሽ አያለሁ!»

ኢክላስ ተናገረች። ቢሮውን እንዴት እንደሚቆልፍ፣ የምስክር ወረቀት ለመስጠት ከልጆቹ ምን እንደሚጠይቅ፣ ለእናትሽ እነግራለሁ እያለ እንዴት እንደሚያስፈራራ፣ አንድም ሳታስቀር። ስትጨርስ ቶይባ ከግድግዳው ተላቀቀች። «እኔንም» አለች። ከኋላዋ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ።

«ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ ሙሀመድኑር፣ አደም ካቴናውን እያሰረው። «ዝም በሉ እላለሁ!»

ዝም ያለች ግን አልነበረችም።