ሰይፍ የተሳለበት አለት

የርብ ወንዝ ሞልቷል። አዛናው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ሲገባ ውኃው ደረቱን መታው። ጓደኛው ደስታው ቀድሞ ተሻግሮ የገመዱን ጫፍ በሾላ ግንድ ጠምጥሞ ይጠብቀዋል። በድልድዩ መሄድ ይቻል ነበር፤ አዛናው ግን ሰው እንዲያያቸው አልፈለገም። አባቱ ከሞቱ ወዲህ የሚሄዱበትን ቦታ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«አዙ! በግራህ!» ደስታው ጮኸ።

ጉማሬ ነበረች። ከደፈረሰው ውኃ ብቅ ብላ አፏን ከፈተች። የአዛናው እግር ከመሬት ተነቀለ። ገመዱ ተወጥሮ ወገቡን ቆረጠው፤ ደስታው እየጎተተ፣ እየተሳደበ፣ ጭቃው ላይ አወጣው።

«ጉማሬዋ እንኳ ናቀችህ!» አለ እያለከለከ። ሁለቱም ሳቁ።

አዛናው ወረታ ገበያ ማጭድ ስሎ ያድራል። የፎገራ ሩዝ አገዳው ስለት ይበላል፤ የሱቅ ሞረድ ደግሞ ብረቱን ራሱን ይጨርሰዋል። አባቱ ያወረሱት መሳያ ድንጋይ እንደ ቅጠል ሳስቷል። አጨዳው ደርሷል፤ አዲስ ድንጋይ ካላመጣ እንጀራው ይቆማል።

ከይፋግ በላይ ያለውን ተራራ ሲወጡ ዝናብ ያዛቸው። ዳገቱ ያንሸራትታል፤ ቁጥቋጦ እየጨበጡ ተሳቡ። ደስታው በየመታጠፊያው ቅርንጫፍ ይሰብራል።

«ለምንድን ነው?»

«ለመመለሻችን ነዋ። አንተ ገደል ስትገባ ማን መንገድ ያሳየኛል?»

አፋፉ ላይ አዛናው እጁን ወደ አለት ስንጥቅ ሲሰድ ደስታው በዱላው ቀደመው። እፉኝት ነበር፤ ተጨፍልቆ ቁልቁል ወረደ። አዛናው እጁን አቅፎ ቆመ። እንዲህ ያለ ወንድም ኖሮት አያውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ ሸለቆው ውስጥ ደረሱ። ከላይና ከታች ጥቁር ድንጋይ፣ በመካከል ግን ክንድ የማይሞላ አመድማ ንጣፍ አለ፤ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ በጥንት ኩሬ ግርጌ ረግቶ የጠጠረው። ፊቱ በቀጫጭን ቦዮች ተፈልፍሏል። በጎንደር ዘመን ወታደሮች ሰይፍ የሳሉበት ነው ይሉ ነበር አባቱ። አዛናው ጣቱን በአንዱ ቦይ ላይ አሳለፈ።

«ይኸው ነው?» አለ ደስታው።

«ይኸው ነው።»

ደስታው ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ።

ከታች ሦስት ሰዎች ወጡ። ፊተኛው ቻላቸው ነው፤ የግንባታ ድንጋይ የሚሸጥ፣ የመሳያውን ድንጋይ ለመቸርቸር ይህንን ቦታ ሲያፈላልግ የኖረ። በእጁ የተሰበረ ቅርንጫፍ ይዟል።

«ከውኃው ያወጣኸኝ ለዚህ ነው?» አለ አዛናው።

ደስታው መሬት መሬት እያየ፣ «መንገዱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ» አለ።

ሰዎቹ አዛናውን ገፍተው ተሸክመው የመጡትን ደረቅ እንጨት ከንጣፉ ሥር ከመሩ። ለግንባታ ድንጋይ ሲፈልጡ ልማዳቸው ይኸው ነው፤ አንድደው ውኃ ይረጩበታል።

«እሳት አታንድዱበት! ውስጡ እርጥብ ነው፤ ይፈነዳል። ሽብልቅ በአግድም አስገቡ፣ በራሱ ይላቀቃል!»

ቻላቸው ሳቀ። «አየኸው፣ ደስታው? ሊያደክመን።»

«እውነቴን ነው! ውሰዱት፣ ግን አታበላሹት! ደስታው፣ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

ደስታው ቀና ብሎ አየው። «አታውቅም። ዛሬ ግን እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እዋሽ ነበር።»

ክብሪቱን የጫረው እሱ ነው።

አለቱ መጀመሪያ ተንጣጣ፤ ቀጥሎ እንደ ጥይት ጮኸ። የሰይፍ ቦዮቹ ተፈረካከሱ። ጢሱ ሲገለጥ ከጥፍር የሚበልጥ ደህና ስባሪ አልተረፈም። ቻላቸው ተሳድቦ ከሰዎቹ ጋር ወረደ። ደስታውም ተከተላቸው።

አዛናው ብቻውን ተቀምጦ አለቀሰ። እንባው ሲደርቅ ዓይኑ የንጣፉን መስመር ተከተለ። ወደ ሸለቆው ያዘነብላል። ውኃ ሸለቆውን ሳይቦረቡረው በፊት ንጣፉ ወዲህና ወዲያ አንድ ነበር፤ እንግዲያው ማዶ መውጣት አለበት። በደረቱ እየተሳበ ተሻገረ፣ ሥር እየነቀለ ቆፈረ፣ አገኘው። ይዞት የመጣውን ሽብልቅ በአግድም መታ። አንድ ጉማጅ እንደ ዳቦ ቁራሽ ተላቀቀ። ጉድጓዱን አፈር መለሰበት፤ ድንጋዩን እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ሣር ጠቅልሎ ተሸከመ።

ከይፋግ በታች መዲና የምትባል ነጋዴ ባዶ አህያ እየነዳች ደረሰችበት።

«ወንድሜ፣ ትከሻህ ደምቷል እኮ! ጫንባት እንጂ።»

«ይሁን፣ እችለዋለሁ።»

«ድንጋዬን ትሰርቀኛለች ብለህ ነው?» ብላ ሳቀች።

አዛናው ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ከኋላው የሚከተለው ሰው እንዳይኖር ቆሞ አሳለፋት፤ እሷና አህያዋ ከሩዙ ማሳ ጀርባ እስኪሰወሩም አልተንቀሳቀሰም።